ፎቶግራፉ ላይ ያለችው ወፍራም ሴት

መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ለውድ አጎቴ ለአቶ አምባው፤ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

የከበረ ሰላምታዬን በነጋዴው በሙሐመድጣሂር አህያ ላይ ጭኜ ልኬልዎታለሁ፤ አህያዋ ብትዘገይም ሰላምታው አይበላሽም። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? የትራክተሩ ግሪስ ከእጅዎ ለቀቀ ወይስ እንደ ቆዳ ሆኖ ቀረ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን «ደኅና ነኝ» ግን ልብ ብለው ያንብቡልኝ፤ የዛሬው እውነተኛ ነው። አምና የጻፍኩልዎት ሁሉ ውሸት ነበር። ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ታምሜአለሁ ብሎ አይጀምር፣ ምን ላድርግ? ሰላምታው ራሱ እጄን ይዞ ደኅና ነኝ ያሰኘኛል። አንዴ ካልኩ በኋላ ደግሞ ታች ወርጄ ታምሜአለሁ ማለት ያሳፍረኛል።

ይኸውልዎት፣ ዓመት ከመንፈቅ ሆዴን እንደ ቢላ ሲቆርጠኝ ከርሟል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለአጎት የሚጻፍ አይደለም፣ በቀን አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ ከሰሊጥ ሚዛኑ እየተነሣሁ ወደ ጓሮ እሮጥ ነበር። ጫኞቹ «ዙፋን ሄዳለች፣ ጆንያው ይቁም» ማለት ለምደው ነበር። መጀመሪያ አሜባ ነው ተባልኩ፤ የአሜባውን ዋጥኩ። ከዚያ የአንጀት ቲቢ ነው ተባልኩ፤ ሁለት ወር መርፌ ተወጋሁ። ሥጋዬ አለቀ፣ ቀሚሴ መስቀያ ላይ የተሰቀለ መሰለ። አንድ ቀን የመጋዘኑ ሚዛን ላይ ወጣሁ። መዛኟ እኔ፣ ተመዛኟም እኔ፤ ማን ይከለክለኛል? ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ። የመጋዘኑ ኃላፊ ዋሴ ቁጥሩን አየና «ዙፋን፣ ይሄ ከነጆንያሽ ነው?» አለኝ። እዚያ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ኅዳር ላይ ጎንደር ወጣሁ። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ሆዴን ዳብሶ፣ ራጅ አስነሥቶ፣ ደሜን አስቀድቶ፣ በመጨረሻ በአስተርጓሚ «በሽታሽ ክሮንስ ይባላል» አለኝ። አጎቴ፣ ስሙን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርዎት አልችልም። አስተርጓሚው «ምን ያስቅሻል?» ብሎ ተቆጣኝ። ስም የሌለው ነገር ዓመት ከመንፈቅ ሲበላኝ ኖሮ ስሙን አገኘሁት፣ እንዴት አልሥቅ? አንጀቴ ከውስጥ ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው መንገዱን ያጠበዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ይያዛል አለኝ። «እንግዲያው እንያዘዋ» አልኩት።

መጀመሪያ ትልልቅ ቢጫ ኪኒን ሰጠኝ። ሽንቴን ብርቱካን አስመሰለው፣ ራሴን ለሁለት ሰነጠቀው፣ የቀመስኩትን ሁሉ አስመለሰኝ። ለወጠልኝ። አሁን የምውጠው ትንሽዬ ነጭ ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ይባላል፣ ስሙን በላቲን ፊደል ጽፌ አያይዣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ራበኝ። ርሃብ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ዛሬ አርባ ስድስት ኪሎ ነኝ።

ደግሞ የሚያስቀው፣ ፍሬ ያለው ነገር እንዳልበላ ተከልክያለሁ፤ ጠባቡ ላይ ይሰካል ተባለ። ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ ስመዝን እውላለሁ። ፀጉሬ ውስጥ ሰሊጥ ነው፣ ጫማዬ ውስጥ ሰሊጥ ነው፣ አፌ ውስጥ ግን አንዲት ፍሬ አትገባም።

ልመናዬ ይህ ነው። ኪኒኑ እዚህ የለም፤ ጎንደርም አንዴ ይኖራል፣ አንዴ አይኖርም። ገዳሪፍ አጅዛኻናው፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እንደሚሸጥ ሙሐመድጣሂር ጠይቆልኛል። በቀን ሦስት ፍሬ ነው የምውጠው። መጀመሪያ ኪኒኑን ይላኩልኝ፤ ቦታ ከተረፈ ሩዝና ደርቆ የተፈጨ ባሚያ፣ ወይካ የምትሉትን፤ ማሽላው ሆዴን ይከብደኛል። ሌላው ቢቀር ይቀር፣ ኪኒኑ ግን አይቅርብኝ።

መቼ ነው የሚመጡት? የእናቴን ተዝካር ያለ እርስዎ አወጣን፤ ሰው ሁሉ «አምባውስ?» እያለ ጠየቀኝ።

የእኅትዎ ልጅ ዙፋን


ገዳሪፍ፣ የካቲት 14 ቀን 1975

ለእኅቴ ልጅ ለዙፋን

እግዚአብሔር ጤናሽን ያጽናልሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ግሪሱ አልለቀቀም።

ኪኒን አራት መቶ ፍሬ ልኬአለሁ። አጅዛኻናው ውስጥ ያለው ሰው ከምግብ ጋር ትዋጠው ብሏል። ሩዝ ግማሽ ጆንያ፣ ወይካ አንድ ከረጢት።

አምና ውሸት ነበር ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከእንግዲህ አትዋሺኝ። እኔ ሞተር በድምፁ ነው የማውቀው፤ ሰው በወረቀት ላይ ድምፅ የለውም።

ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መልክሽ ሊጠፋኝ ነው። ፎቶግራፍ ካለሽ ላኪልኝ።

የማልመጣበትን አትጠይቂኝ።

አምባው


መተማ ዮሐንስ፣ ግንቦት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ አምባው

ፋሲካው እንዴት አለፈ? ባሕር ማዶ ባይሆንም የድንበሩ ፈፋ ማዶ ሆነው የት እንዳስቀደሱ፣ ከማን ጋር እንደፈሰኩ ሳስብ ነው የዋልኩት። ሰላምታዬ ይብዛልዎ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከደኅናም በላይ ነኝ። ማስረጃው ፖስታው ውስጥ ነው። ይህን ማንበብ ያቁሙና አውጥተው ይዩት።

አዩት? እኔ ነኝ። ከጎኔ ያለው ሚዛኑ ነው።

እንዴት እንደተነሣሁ ልንገርዎት። ለሚያዝያ ሃያ ሦስት የሠራተኞች ቀን ከጎንደር ፎቶ አንሺ መጣ፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ምስጉን ሠራተኛ ተመርጦ ይነሣ ተባለ። ዋሴ ሠራተኛውን ሁሉ አሰለፈና ከዳር እስከ ዳር አየን። ጫኞቹ ከደጋ የመጡ ናቸው፣ የወባ ወቅት አልፎባቸው ጉንጫቸው ገብቷል። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንቺ ነሽ» አለ። «አንቺ ብትቆሚ መጋዘኑ ጠግቦ የሚያድር ይመስላል።»

«በሥራዬ ነው ወይስ በጉንጬ?» አልኩት።

«ጓዲት ዙፋን፣ ፎቶ ሥራ አያሳይም» አለኝ።

እንግዲህ ግድግዳው ላይ ተሰቅያለሁ። አንዱን ለእርስዎ ብዬ ለፎቶ አንሺው ከፍዬ አሳጠብኩ። ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነኝ። ጎረቤቴ ታይቱ፣ እሷ ድሮም ሰፊ ሴት ናት፣ በሯ ላይ ባለፍኩ ቁጥር «ነይ እስቲ ጎን ለጎን እንቁም፣ ደረስሽብኝ» ትለኛለች። ገበያ ላይ ሰው ያስቆመኛል። አምና አይቶ ፊቱን ያዞረ ሁሉ ዘንድሮ «ምን በልተሽ ነው?» ይለኛል። እንቅልፍ የሚባለው ነገር ትቶኛል፣ ይተወኝ፤ ሌሊት ጓዳዬን ሳጥብ አድራለሁ፣ ቤቴ እንዲህ ጸድቶ አያውቅም። ወሬዬም እንደሚያዩት በዝቷል። ድኛለሁ ብል ማን ይከራከረኛል?

አሁን ልመናዬን እንዳይታዘቡኝ። ማዶ ገላባት ያሉ ሴቶች የሚለብሱት ቶብ፣ ያ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመው፣ አማረኝ። ሰማያዊ ሆኖ ነጭ አበባ ቢኖረው። ሲመርጡ ሰፋ ያለውን ይምረጡልኝ፤ እንግዲህ ወፍራም ሴት ነኝ። ሩዙም አልቋል። ኪኒኑንም ከተመቸዎት ጣል ያድርጉበት።

ምስጉኗ የእኅትዎ ልጅ ዙፋን


ገዳሪፍ፣ ግንቦት 24 ቀን 1975

ለዙፋን

እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ደኅና ነኝ።

ፎቶግራፍሽን ጋራዡ ውስጥ ከመፍቻዎቹ በላይ ሰቀልኩት። ረዥም ደብዳቤ አልችልም፣ ዛሬ ግን ልሞክር። አራት ያገራችን ሰዎች፣ አብርሃ ጅራ እርሻ ላይ የነበሩ፣ ትራክተር ሊያሠሩ መጡና «ይህች ማን ናት?» አሉኝ። «የእኅቴ ልጅ ናት፣ ሞታ ነበር» አልኳቸው። አንዱ ጠጋ ብሎ አየና «አገሩ እንዲህ ጠግቦ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» አለ። ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ከሣቅሁ ቆይቻለሁ።

ቶቡን ራሴ መረጥኩት። ነጋዴው «ለምን ያህል ሴት ነው?» ሲለኝ ክንዴን ዘርግቼ አሳየሁት። ሩዝም አለ።

ኪኒኑን በተመለከተ። ለክረምትሽ ብዬ ሦስት መቶ ፍሬ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። የቤት አከራዬ ልጅ ሐሚዳ ትንፋሿ ተቆርጦ ሐኪም ያንኑ ኪኒን አዘዘላት። አጅዛኻናው ውስጥ አልቆ ነበር። እናትየው መሬት ላይ ተቀምጣ አየኋት። አንቺ ደግሞ ድነሻል። ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ተነሥታ ሻይ አመጣችልኝ። ያንቺ ኪኒን ሰው አዳነልሽ፣ ደስ ይበልሽ።

እዚህ ዝናብ ጀምሯል። መንገዱ ሊዘጋ ነው።

አምባው


መተማ ዮሐንስ፣ ሰኔ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ አምባው

ሰላምታዬ የወትሮው ነው፤ ደኅና ነኝ የሚለውን ግን ዛሬ ዘልዬዋለሁ።

ቶቡ ደርሶኛል። በጣም ያምራል። ዘረጋሁት፣ አራገፍኩት፣ ጫፉ ላይ የተቋጠረ ነገር ካለ ብዬ ዙሪያውን በጣቴ ዳበስኩ። የሩዙን ጆንያ እስከ ክርኔ እጄን ከትቼ በረበርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤዎን ያነበብኩት።

አጎቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ ይህን ልጻፍ፣ አለዚያ እርስዎ ራስዎን ሲበሉ ይከርማሉ። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ያዩት ፊት የኪኒኑ ፊት ነው። ሐኪሙ ሲሰጠኝ ነግሮኛል፤ «ፊትሽ ያብጣል፣ ጨረቃ ይሆናል። እንቅልፍ ይነሣሻል። ቆዳሽ ይሳሳል፣ ትንሽ ነካ ሲያደርግሽ ይበልዛል። አጥንትሽም ይደክማል። ግን በድንገት እንዳታቆሚ።» ያለው ሁሉ ሆኗል። ፎቶው ላይ ነጠላዬ የሸፈነው ክንዴ እንጨት ነው። ከአንገቴ ጀርባ እብጠት አለ፤ ከፊት ስለተነሣሁ አይታይም። ሆዴም ዝም ብሎልኛል እንጂ አልዳነም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያልጻፍኩት ወፍራም መባል ጥሞኝ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ በዕድሜዬ ወፍራም ያለኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲደሰት እኔም አብሬ ተደሰትኩ። ኪኒኑን ከቶቡ በታች ጻፍኩት። እኔ ራሴ ከታች የጻፍኩትን እርስዎ እንዴት ከላይ ያንብቡት?

አንድ የደበቅኩት ነገር ደግሞ አለ። ሁዳዴ ሲገባ ለጾሙ ብዬ የጠዋቱን ኪኒን ተውኩ፤ ከምግብ ጋር ካልሆነ አይዋጥም፣ መብላት ደግሞ አልፈለግሁም። በሦስተኛው ቀን ሚዛኑ ሥር ወደቅሁ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ያረጋል መጥቶ ውሃና ጨው አጠጣኝ፣ ኪኒኑን በእጁ አዋጠኝ። «ይሄ ኪኒን ሰውነትሽ ይሠራ የነበረውን ሥራ ተረክቦታል» አለኝ። «ሰውነትሽ ሥራውን ትቶ ተቀምጧል። ኪኒኑ በአንድ ቀን ቢወጣ በቦታው የሚቆም የለም። ቀስ እያለ ነው መውጣት ያለበት፣ ሰውነትሽ እስኪነሣ።» እርስዎ መካኒክ ነዎት፣ ይህ ይገባዎታል። ቄሱም ሰምተው «ታማሚ አይጾምም፣ ማን ጹሚ አለሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

አሁን ያለኝ ስልሳ ሁለት ፍሬ ነው። ወደ ጎንደር ከሰኞ ጀምሮ ሎሪ አልወጣም፤ ጥቁሩ አፈር ጎማ ከያዘ አይለቅም። እስከ መስከረም ማንም አይወጣም፣ ማንም አይወርድም።

አሁን የማደርገውን ልንገርዎት፣ እንዳያለቅሱብኝ። ትናንት ከያረጋል ጋር ተቀመጥን። በሰሊጥ መመዘኛ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ቀኑን ጻፍን። በየሳምንቱ ግማሽ ፍሬ እየቀነስኩ፣ በምላጭ እየከፈልኩ፣ በመጨረሻ በቀን ግማሽ ፍሬ ይዤ እቆያለሁ። ሐኪሙ ቢሆን ከዚህ ይዘገይ ነበር ይላል ያረጋል፤ ያለን ግን ይኼ ነው። ነሐሴ ሦስት ቀን የመጨረሻዋን ግማሽ እውጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ወረቀቱ ላይ የለም። የሩዝ ውሃና ወይካ እጠጣለሁ፣ ጠጣር ነገር አልነካም። አሥራ አንድ ዓመት ሰሊጥ ስመዝን በአንድ ግራም አልታማሁም፤ በራሴ ኪኒን አልታማም።

ከሐሚዳ ግን አንዲት ፍሬ እንዳይቀበሉ። ለመተንፈስ ነው የወሰደችው።

ሙሐመድጣሂር ይህ የመጨረሻ ጉዞዬ ነው፣ ፈፋው እየሞላ ነው ብሎኛል። ደብዳቤው መቼ እንደሚደርስዎ አላውቅም። እኔ ግን ወረቀቴን ይዤ ሥራዬ ላይ ነኝ።

ዙፋን


ገላባት፣ ሐምሌ 30 ቀን 1975

ለዙፋን

ደብዳቤሽ ሐምሌ 17 ደረሰኝ። ሠላሳ ስምንት ቀን መንገድ ላይ ነበር። ሰላምታ አልጽፍም።

ገዳሪፍ ኪኒን አልነበረም። ከሰላ ከተማ ድረስ ሄጄ አምስት መቶ ፍሬ አገኘሁ። ሎሪ የሚወጣ የለም። የአሠሪዬን ትራክተር ለመንኩት፤ ሰጠኝ። ከገዳሪፍ እዚህ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ሰጠመ፣ ሁለት ጊዜ ቆፍሬ አወጣሁት።

ሐሚዳ የቀራትን ሠላሳ ፍሬ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። አልወስድም ስላት በሩ ላይ ቆመች። «እሷ ታማ ነው እኔ የተነፈስኩት?» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ይዤዋለሁ፣ ከፈለግሽ ተቆጪኝ።

ይህን ወረቀት ሙሐመድጣሂር በገመድ ተሻግሮ ያደርስልሻል። ማክሰኞ ነሐሴ 3 ጠዋት ዝናብ ካባራ ኪኒኑን ይዞ ይሻገራል። እኔ በዚህ ዳር እቆማለሁ። አንቺ በዚያ ዳር ቁሚ። ልይሽ። ኬላ ያሉት ይሰማሉና ስሜን አትጥሪ።

አምባው


መተማ ዮሐንስ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

ገና ገላባት ሳሉ ይድረስዎ ብዬ ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ኪኒኑ እጄ ገብቷል። የመጨረሻዋን ግማሽ ማክሰኞ ጠዋት ውጬ ነው ወደ ፈፋው የወረድኩት፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጠርሙስ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ያረጋል የሐኪሙን የድሮ ወረቀት አይቶ መጠኑን አስተካክሎልኛል።

የእነዚህን ሳምንታት ነገር አላበዛም። በቀነስኩ ቁጥር መገጣጠሚያዬ ሁሉ ይታመማል፣ ሆዴም ተመልሶ መቁረጥ ጀምሯል፤ አንዳንድ ቀን የበላሁት ጠባቡ ጋ ደርሶ ይቆምና ቁጭ ብዬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ከዚያ እነሣለሁ። ከሥራ የቀረሁት አራት ቀን ብቻ ነው። ፊቴ እንደ ፊኛ ተንፍሷል። አርባ አራት ኪሎ ነኝ። ገበያ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ደግሞ ጠፋ፣ መንገዴ ፈጠነ።

አሁን ወደ ማክሰኞው ልምጣ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቶብዎን ለብሼ ነው የወረድኩት፤ ሁለት ጊዜ የሚዞረኝ አራት ጊዜ ዞረኝ። ታይቱ ብቻሽን አትወርጂም ብላ ተከተለችኝ፣ ብወድቅ ልትይዘኝ። ማዶ ሰው ተሰብስቧል። ወዲያው ነው ያወቅሁዎት። ጢምዎ ነጭ ሆኗል። ሱሪዎ በጣም ሰፍቶዎት አየሁ፤ የተዋሱት ነው ብዬ አለፍኩት። እጅዎ ላይ ፎቶግራፌን ይዘዋል። ፎቶውን ያያሉ፣ ወዲህ ያያሉ። ፎቶውን ያያሉ፣ ወዲህ ያያሉ። እኔ ላይ ዓይንዎ መጣ፣ አለፈ። ስምዎን እንዳልጠራ ብለዋል፣ አልጠራሁም።

ከዚያ እጅዎን አንሥተው ለታይቱ ሰላምታ ሰጡ። ጎንበስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ።

ታይቱም ምን ታድርግ፣ አጸፋውን ሰጠች። «ይሄ ሽማግሌ እኔን ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «አዎ፣ አንቺን ነው» አልኳት። ሳቄ መጣ፣ ሳቁ ወደ ሆዴ ወርዶ አመመኝ፣ ይዤው ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ሙሐመድጣሂር በጣቱ ያሳየዎት። ፊትዎን አየሁት። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ታይቱ ከትናንት ጀምሮ «አጎትሽ ወዶኛል» እያለች መንደሩን ታስቃለች።

ዙፋን


ገላባት፣ ነሐሴ 6 ቀን 1975

ለዙፋን

ቶቡን አውቄዋለሁ። ከሩቅ ነው ያወቅሁት፣ እኔው የመረጥኩት አይደል? ለታመመች ጎረቤት አውሰሻት መጣሽ ብዬ ነው ከጎኗ የቆመችውን ሰላም ያልኩት። በልቤም «ይህች ምስኪን ከክረምቱ አትወጣም፣ ዙፋን እንኳን አለበሰቻት» ብዬ ነበር።

የሌላ ሰው ሞተር ከሩቅ ሰምቼ የቱ ቫልቭ እንደላላ እናገራለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ሐኪምሽ ሂጂ። ወጪውን ሙሐመድጣሂር ያደርስልሻል። አትመልሺልኝ። ለሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

አምባው


መተማ ዮሐንስ፣ ኅዳር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ አምባው

አርባ ሰባት ኪሎ ነኝ።

ይህ ሰላምታዬ ነው፤ ከእንግዲህ ሁሌም እንዲህ ነው የምጀምረው። ደኅና ነኝ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ተጠቅሜበት ሁለት ጊዜ ልሞትበት ነበር። ሚዛን ግን ይሉኝታ የለውም።

መስከረም ሲወጣ በመጀመሪያው ሎሪ ጎንደር ወጣሁ፤ ሁለት ቀን ጭነት ላይ ተቀምጬ። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ አየና ጠባቡ ቦታ ከዚህ ወዲያ በኪኒን አይሰፋም፣ ይቆረጥ አለኝ። «ስንት?» አልኩት። በጣቱ ስንዝር አሳየኝ። «ስንዝሩን ውሰደው፣ ሌላው ይበቃኛል» አልኩት። አስተርጓሚው ያው የአምናው ነው፤ ዘንድሮ አልተቆጣም። ጥቅምት አራት ቀን ቆረጡኝ። አምስት ቀን ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ቁስሉ አንድ ጊዜ መገለ፣ ተከፍቶ ታጠበ፣ ዳነ። የጨረስኩት ነገር እንዳልሆነ ነግሮኛል፤ በሽታው ሌላ ቦታ ሊነሣ ይችላል። ሲነሣ ስሙን አውቀዋለሁ። ኪኒኑ ወደ አንድ ፍሬ ወርዷል፣ ከግንቦት በፊት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ቀኑን ሐኪሙ በእጁ ጽፎ ሰጥቶኛል፣ በደረሰኝ ጀርባ አይደለም።

ሰሊጡ ገብቷል፣ ዘንድሮ ከሽንፋ ጭምር እየመጣ ነው፣ መጋዘኑ እስከ ጣሪያ ሞልቷል። ሥራዬ ላይ ነኝ። ጫኞቹ አዲስ ናቸው፣ ከወሎ የመጡ። ድሮ እየሮጥኩ ጓሮ እሄድ እንደነበር አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

ፎቶ አንሺው ለቀበሌ መታወቂያ መጥቶ ነበርና ተነሣሁ፤ ያው ሚዛን፣ ያው ቦታ። ዋሴን «የአምናውን አውርድና ይህን ስቀል» ብለው «ይህማ መጋዘኑን የተራበ ያስመስለዋል» አለኝ። ይተወው። ግድግዳው ይዋሽ። ለእርስዎ ግን ልኬዋለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይስቀሏቸው። ያገራችን ሰዎች ሲመጡም በደንብ ያስረዱልኝ፤ ወፍራሟ የታመመችው ናት፣ ቀጭኗ ናት ደኅናዋ።

ዘንድሮ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከላይም ከታችም የተጻፈ ሌላ የለም። ያ ሱሪ የተዋሱት እንዳልሆነ ሙሐመድጣሂር ነግሮኛል። ገዳሪፍ የሰሊጥ ሚዛን ሞልቷል። አንዱ ላይ ወጥተው ይቁሙና የሚለውን ይጻፉልኝ።

የእኅትዎ ልጅ ዙፋን


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1976

ለዙፋን

ሁለቱንም ሰቅያለሁ። ሐሚዳ መጥታ አየቻቸው። «የዳነችው የቷ ናት?» አለችኝ። ቀጭኗን አሳየኋት። አላመነችም። እያስረዳኋት ነው።

ኪኒን ሁለት መቶ ፍሬ ከዚህ ጋር አለ። ከቶብም ከሩዝም በላይ ነው ያሰርኩት፣ መጀመሪያ እንድታገኚው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በየቀኑ በሚዛኑ በር አልፍ ነበር። ትናንት ገባሁ። መዛኙ «አጎት፣ ጭነትህ የት አለ?» አለኝ። ጭነቱ እኔ ነኝ አልኩት።

ሃምሳ አራት ኪሎ ነኝ። ከመተማ ስወጣ ሰባ አንድ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ደኅና ነኝ እያልኩ ስጽፍልሽ ነበር።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ስም ካለው እጽፍልሻለሁ።

አምባው